ወደ አሸዋው የወረደችው መሪማ

መሪማ መርሳ ገበያ ላይ ማንጎና ፓፓያ ትሸጣለች። ፍሬው የራሷ ነው፤ ባሏ ሲሞት ከወንዙ አፋፍ ላይ ትቶላት ከሄደው መሬት የሚለቀም። መሬቱ ድሮ ሰፊ ነበር። የዛሬ ስድስት ዓመት ክረምት ግን ደራሽ ውኃ አፋፉን ከሥሩ ቦረቦረና አሥራ አንድ የማንጎ ዛፍ ይዞባት ወረደ። ዛፎቹ አንድ በአንድ ሲያጋድሉ ቆማ ከማየት በቀር ምንም ልታደርግ አልቻለችም። ከዚያ ወዲህ በምዕራብ፣ ደጋው ላይ ደመና ሲከማች ባየች ቁጥር አፋፉ ላይ ወጥታ ወንዙን ታያለች።

ያ ክረምት እንደወጣ ታደሰ የሚባል ጡረተኛ መምህር ጎረቤቷ «የወንዙን ዳር እንትከለው» እያለ ቤት ለቤት ዞረ። መጀመሪያ እሺ ያለችው እሷ ነበረች። ዓርብ ለጁምዓ፣ እሑድ ለቤተ ክርስቲያን ተተወና ሥራው ቅዳሜ ጧት ሆነ። ሰዉ ሲበዛ ሠላሳ፣ ሲያንስ አራት እየሆነ ቀጠለ። ቬቲቨር የሚባለውን፣ ሥሩ ጠልቆ አፈር የሚይዘውን ሣር በረድፍ ተከሉ፤ ቀርከሃ ጨመሩ፤ ድንጋይ በሽቦ አስረው ደረደሩ። የሚከፍላቸው አልነበረም። ገበያ ላይ የሚያውቋት ሴቶች «መሪማ ለውኃ ሎሌ ገባች» እያሉ ይስቁባት ነበር። እሷ ግን መዳፏ እስኪሻክር ድንጋይ አቀበለች፤ በአራተኛው ዓመት ሣሩ ከወገቧ በላይ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ችግር ከሰው ነበር። ወልድያ ላይ ቤት የሚሠራው በዛ፤ ቤት የሚሠራ ደግሞ አሸዋ ይፈልጋል። ሲኖትራኮች መርሳ ድረስ እየመጡ ወንዙ ውስጥ ይገቡ ጀመር። የጫኞቹ አለቃ አቡበከር የመሪማ ታናሽ ወንድም ነው፤ እናታቸው ስትሞት በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው። ሥራ አጥቶ ሁለት ዓመት ደጇ ላይ ሲቀመጥ የከረመ ሰው፣ ስምንት ሰው አስከትሎ አካፋ ሲይዝ መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር። ደስታዋ የቆየው የሚቆፍሩበትን ቦታ እስክታይ ድረስ ነው። ንጹሑ አሸዋ ያለው አፋፉ ሥር ነውና መንደሩ ከላይ የተከለውን ጫኞቹ ከታች ይገዘግዙት ነበር።

«አቡኬ፣ ሥሩን ባዶ አድርጋችሁት በምን ይቁም?» አለችው አንድ ቀን።

«እትዬ፣ ሣር ልጅ አያበላም» አላት፤ ቀና ብሎም አላያት።

ከዚያ በኋላ ቤቷ መምጣቱን ተወ።

ሰኔ ላይ ደግሞ የመምህር ታደሰ ትዕግሥት አለቀ። አፋፉ ላይ ቆሞ «ውኃ መጣ፣ ውጡ!» ብሎ ጮኸ። ጫኞቹ አካፋቸውን ጥለው ሮጡ፤ አንዱ ቁርጭምጭሚቱ ዞረ። ውኃ ግን አልነበረም፤ ታደሰ እንዲያው ሊያባርራቸው ብሎ ነው። ነገሩ በሽማግሌ ታየ፤ ታደሰ ይቅርታ ጠየቀ፤ ጫኞቹም በአፋቸው ይቅር አሉ። መሪማ ለብቻው ስታገኘው «መምህር፣ በዚህ ቃል ባይጫወቱ ይሻል ነበር» አለችው።

«አውቃለሁ» አላት መሬት መሬት እያየ።

ወር አልሞላም። ሐምሌ ላይ፣ ማክሰኞ ቀን፣ ዙሁር ሰግዳ ሣሩ መሐል የበቀለውን አረም ትነቅል ነበር። መርሳ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ፀሐዩ ይፋጃል። ታች ወንዙ ውስጥ ቀጭን ውኃ በአንድ ጎን ትፈሳለች፤ አፋፉ ሥር ሲኖትራክ ቆሞ እነ አቡበከር ይጭናሉ። ስልኳ ጮኸ። የደወለችው ዘነበች ናት፤ ከደጋ ባቄላና ድንች እያወረደች ገበያ ላይ ከመሪማ አጠገብ የምትቀመጥ ሴት።

«መሪማ፣ እዚህ ሰማዩ ተቀዷል። በረዶ ቀላቅሎ ነው የጣለው። ወንዙ ድንጋይ እያንከባለለ አልፎናል፤ እናንተ ዘንድ...» ስልኩ ተቋረጠ።

መልሳ ደወለች፤ አይሠራም። ውኃው ከዘነበች አገር መርሳ ለመድረስ ምን ያህል እንደሚፈጅበት አሰበች። ግማሽ ሰዓት፤ ምናልባት ከዚያም ያነሰ። ወደ አፋፉ ጫፍ ሄዳ የቻለችውን ያህል ጮኸች።

«አቡበከር! ውኃ መጣ፣ ውጡ!»

ዘጠኙም ቀና አሉ። አንዱ ጥርት ያለውን ሰማይ በአካፋው እያሳየ አንድ ነገር ተናገረ፤ ሁሉም ሳቁ።

«እማ መሪማ፣ የመምህሩን ትምህርት እርስዎም ጨረሱት?» አለ ቁርጭምጭሚቱ ዞሮ የነበረው ሰውዬ።

ለወንድሟ ደወለች። ስልኩን አውጥቶ አየውና መልሶ ኪሱ ከተተው።

መጮህ እንደማይጠቅም ገባት። ደግማ ብትጮህ ሳቃቸው ይጨምራል እንጂ እግራቸው አይነሣም። ጉልበቷ የታመመ ነው፤ ያን ቁልቁለት ከወረደች ሁለት ዓመት አልፏታል። ቀሚሷን ሰብስባ፣ ቀርከሃ እየያዘች፣ አንዳንድ ቦታም በመቀመጫዋ እየተንሸራተተች ወረደች። በሆዷ «ያረብ፣ ያረብ» ትላለች። ደርሳ ከሲኖው ጎማ አጠገብ አሸዋው ላይ ቁጭ አለች።

«ምን ልትሆኚ ነው?» አላት አቡበከር።

«እናንተ ካልወጣችሁ አልወጣም።»

«እትዬ፣ ሰው አታስቂብኝ። ተነሺ።»

«ዘነበች ደውላ ነው። ደጋ ላይ ወንዙ ሞልቷል።»

«ሰኔም ሞልቶ ነበር» አለ ሂሻም፣ ከወልድያ የመጣው ሾፌር፣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ። «መኪናው ገና ግማሽ ነው። ሴትዮ፣ ሥራ ላይ ነን።»

መሪማ ወደ ሾፌሩ አልዞረችም። ዓይኗ ወንድሟ ላይ ነው። «አቡኬ፣ ዋሽቼህ አውቃለሁ?»

አካፋውን አሸዋው ላይ ሰካ።

«እኔ ዋና አልችልም። አንተም አትችልም። ውኃው ሲመጣ እዚሁ ያገኘኛል፤ ወላሂ አልነሣም።»

መሪማ በአላህ ስም በከንቱ የማትምል ሴት ናት። ገበያ ላይ ዋጋ ስትከራከር እንኳ ስሙን አታነሣም፤ አቡበከር ይህን ያውቃል። ፊቱን ወደ ላይኛው ወንዝ አዞረ። ቀጭኗ ውኃ ጧት እንደነበረችው አልነበረችም። ሻይ መስላለች፤ ቅጠልና ገለባ ይዛ መሮጥ ጀምራለች።

«ውጡ» አለ በዝግታ። ቀጥሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ሁሉንም ተዉት፣ ውጡ!»

ሁለት ጫኞች መሪማን በብብቷ ይዘው ሽቅብ ጎተቷት። አፋፉ ላይ ስትደርስ የውኃውን ድምፅ ሰማች፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲፈጭ። ዞር ስትል አቡበከር አልወጣም። ሂሻም መኪናዬን አልተውም ብሎ ሞተሩን አስነሥቷል፤ የኋላ ጎማዎቹ አሸዋውን እየቆፈሩ ይሰምጣሉ። አቡበከር በሩን ከፍቶ በክንዱ ይጎትተዋል፤ ሾፌሩ መሪውን አንቆ ይዟል።

ውኃው ከጠመዝማዛው ብቅ አለ። ከሰው ቁመት አይበልጥም፤ ግን ፊት ፊቱን ግንድና ድንጋይ ይነዳል። ሂሻም ያን ጊዜ ዘለለ። ሁለቱ ወደ አፋፉ ሲሮጡ ውኃው መጀመሪያ ጉልበታቸውን፣ ከዚያ ወገባቸውን ያዘ። አንዱ ጫኝ ሲወጣ በትከሻው ይዞት የመጣውን የሸራ ማሰሪያ ገመድ ወረወሩላቸው። መምህር ታደሰ ጩኸት ሰምቶ ደርሶ ነበር፤ ቁርጭምጭሚቱ ዞሮ ከነበረው ሰው ኋላ ሆኖ ገመዱን ያዘ። መሪማም ያዘች። ገመዱ መዳፏን ሲልጠው አልታወቃትም። መጀመሪያ ሂሻም ወጣ። አቡበከርን ውኃው ሁለት ጊዜ ዋጠው። ብቅ ሲል በሸሚዙ ይዘው አወጡት።

የቆሙበት መሬት ከእግራቸው ፊት ተሰነጠቀ። «ወደ ኋላ» አለ ታደሰ፤ እየተጎታተቱ ሸሹ። ሲቆፈር የከረመው አፋፍ ከነሣሩ ተንዶ ወረደ።

የዐስር ሶላት ሳይደርስ ውኃው ጎደለ። መኪናው ከሁለት ጠመዝማዛ በታች ተገልብጦ፣ ጭቃ ሞልቶት ተገኘ። ከተተከለው ዳርቻ አርባ ርምጃ ያህል ሄደ፤ መሪማም ሌላ ሦስት ማንጎ አጣች። አካፋ ያልነካው ቦታ ላይ ግን ሣሩ ጭቃ ለብሶ፣ ጎብጦ፣ አፈሩን እንደያዘ ቀረ። ጫኞቹ በማግሥቱ መጥተው ሁለቱን ቦታ እያፈራረቁ አዩ።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ከአፋፉ ሥር አሸዋ እንዳይወጣ፣ ከድልድዩ በታች ሰፊው ሜዳ ላይ ብቻ እንዲቆፈር ተስማሙ። ጫኞቹ የዚያኛው አሸዋ ጠጠር ይበዛዋል ብለው አጉረመረሙ፤ ዛሬም ያጉረመርማሉ። ሂሻም መኪናው የሌላ ሰው ነበርና ሥራውን አጣ፤ ሐራ ከተማ ገብቷል ይባላል። አቡበከር ቅዳሜ ጧት ወዲያው አልመጣም። ጥቅምት ሲገባ አንድ ቀን መጣና ሳይናገር ድንጋይ ማቀበል ጀመረ። ታደሰ ከወዲያኛው ጫፍ ተቀበለው። ሁለቱ እስከ አሁን እምብዛም አይነጋገሩም።

አንድ ነገር ግን መሪማ ራሷ አስወሰነች። የዘነበች ቁጥር በእያንዳንዱ ጫኝ ስልክ ውስጥ ይግባ፤ «ውኃ መጣ» ከተባለ መጀመሪያ መውጣት፣ ክርክሩ ከወጡ በኋላ ይሁን፤ በዚያ ቃል የቀለደ ሰው፣ ጫኝም ይሁን ተካይ፣ ወንዙ አጠገብ አይድረስ። ዘንድሮ ዘነበች ሁለት ጊዜ ደወለች። ሁለቱንም ጊዜ ወጡ። በአንደኛው ውኃው መንገድ ላይ ሰርጎ ሳይደርስ ቀረ፤ ሰዎቹ ግማሽ ቀን ሥራ ፈተው ድልድዩ ላይ ተቀመጡ። ብዙ አጉረመረሙ፤ መሪማ ሄዳ ውኃውን አይታ እስክትመለስ ግን አንድም ሰው አልወረደም።