የካሚል ግራ ጎን

ጎደሊቭ በምዕራብ ፍላንደርስ መንደሮች በብስክሌት እየዞረች፣ አልጋ ላይ የዋሉ ሰዎችን ስታጥብና ስታገላብጥ ጠጉሯ የሸበተ ሴት ናት። የእሷን እጥፍ የሚመዝን ገበሬ ሳይቀር ያለ ጭንቅ ታዞራለች። ታገላብጣለች እንጂ አትጎትትም፤ በሽተኛ የሚጎትት ሰው ቆዳ ይልጣል ባይ ናት። ከክንዷ ይልቅ የሚበረታው ግን ምላሷ ነው። ውሸት አትወድም፤ ለበሽተኛ ጥቅም ሲሆን ግን ውሸት ብላ አትጠራውም።

እጅ ያሰጣት አንድ ካሚል ብቻ ነበር። ካሚል ከሩቅ አገር ተለቀው ወደ ቤታቸው የሚሽቀዳደሙ ርግቦች ሲያረባ ያረጀ ሽማግሌ ነው። ከርግብ ቤቱ መሰላል ወድቆ እግሮቹ አልታዘዝ ካሉት ወዲህ አልጋው ሳሎን ተዘርግቶለት፣ በቀኝ ጎኑ ተኝቶ በመስኮቱ ሰማይ ሰማዩን ሲያይ ይውላል። በግራው ያለው ግድግዳ ነው፤ ግድግዳ ደግሞ ርግብ አያሳይም። ጎደሊቭ ልታዞረው ስትመጣ የአልጋውን ብረት በሁለት እጁ ጨምድዶ ይይዛል። የሚታገልን ሰው በግድ ማገላበጥ ሌላ ቁስል መጨመር ነውና ትተወዋለች።

እንዲህ እንዳለ ቀኝ ዳሌው ላይ ቀይ ምልክት ወጣ። በጣቷ ብትጫነው አልነጣ አላት፤ በአንድ ጎን ብቻ መተኛት ያመጣው ነው። ይህ ቁስል ሆኖ ከተከፈተ ካሚል ከተማ ሆስፒታል ሊገባ፣ ርግቦቹም ሊሸጡ ነው። ሚስቱ ኢርማ ይህን እያሰበች ማድ ቤት ገብታ ታለቅሳለች። እሱ ግን ርግቦቼ ሲገቡ ማን ያይልኛል ብሎ ችክ አለ።

ጎደሊቭ ተናደደች። እሾህን በሾህ ብላ ከአጥሩ ማዶ የኦዲልን በር አንኳኳች። ኦዲልና ካሚል በርግብ ተቃቅረው፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ እንኳ ሰላም ሳይባባሉ ያረጁ ጎረቤታሞች ናቸው።

"ያቺ ሰማያዊ ርግብዎ ከሾርባ ሌላ ለምንም አትሆንም ይላል ካሚል" አለችው።

ካሚል እንዲህ አላለም። ቢጠየቅ ግን ማለቱ አይቀርም ነበር።

ኦዲል የጓሮ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ መጣ። ወንበር ቀድማ አዘጋጅታለታለች፤ በግድግዳው በኩል። እሱም ለካሚል ጀርባ፣ ሰማያዊዋ ከፈረንሳይ ተለቃ የአገሩን ርግብ ሁሉ ቀድማ እንደገባች ይተርክለት ጀመር። ካሚል አጉረመረመ። ቆይቶ ብረቱን ለቀቀ።

"አዙሪኝ" አላት። "ለውሸታም በጀርባ መልስ አይሰጥም።"

ሐሳቡን ሳይለውጥ ክንዱን ደረቱ ላይ አጣጠፈችለት፤ ጉልበቱን ከፍ አደረገች። ኦዲልን የአንሶላውን ጫፍ አስይዛ ትከሻና ዳሌውን እኩል አዞረቻቸው። ከጀርባው አንድ ትራስ፣ ከጉልበቶቹ መሃል አንድ ትራስ ሸጎጠች፤ ተረከዙም ፍራሹን እንዳይነካ ከባቱ ሥር ሌላ ጨመረች። ሽማግሌዎቹ ስድባቸውን ሲያጣፍጡ የተጎዳው ዳሌ አረፈ።

ከዚያ ወዲህ ኦዲል የማይመጣበት ቀን ጠፋ። ሰማያዊዋ ታሸንፋለች፣ ካሚል ይዞራል፤ ቀዩ ምልክትም እየደበዘዘ ሄደ። ጎደሊቭ በየገባችበት ቤት፣ ስም አትጠራም እንጂ፣ ሁለት ሽማግሌ እንዴት እንዳታለለች ስታወራ ደረቷ ይነፋል።

አንድ ቀን ኦዲል ዘገየባትና ልትጠራው በጓሮው በኩል ገባች። የርግብ ቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ውስጡ አንዲት ርግብ የለም፤ የእህል ገንዳው ላይ ሸረሪት አድርቷል። ጎደሊቭ ደነገጠች። ካሚል ይህን ካወቀ ነገ ተመልሶ ያንን ብረት መጨምደዱ ነው። በሩጫ ተመልሳ፣ ፀሐዩ ዓይንዎን ይወጋዎታል ብላ የኦዲልን ጓሮ የሚያሳየውን መስኮት መጋረጃ ሳበች።

"ክፈቺው" አለ ካሚል። "ነጋዴው የኦዲልን ርግቦች በቅርጫት ጭኖ የወሰዳቸው በፋሲካ ነው። በዚህ መስኮት ምን ሳይ የምውል መሰለሽ?"

ጎደሊቭ መጋረጃውን እንደያዘች ቀረች። ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ ማለት ይኸው ነው። እያወቁ ታዲያ ለምን ይዞሩለታል አለችው።

"ጉልበቱ መሰላል አልወጣ አለው። ርግቦቹን አጥቶ የሚሰድበው ሰውም ካጣ ምን ይቀረዋል?" አለ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እንዳትነግሪው። ያታለለኝ ይመስለዋል።"

በጓሮ በር የኦዲል ጫማ ተሰማ። ገና ወንበሩን ሳይዝ፣ ትናንት ሰማያዊዋ ምን እንደሠራች ጀመረ። ጎደሊቭ ትራስ የምታነሣ መስላ ጎንበስ አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ቀና ስትል ካሚል ማንም ሳያዘው ክንዱን ደረቱ ላይ አጣጥፎ ይጠብቃታል።