የወልደአረጋይ ፋሲካ

ሠላሳ አንድ ዓመት አማርኛ አስተምሬያለሁ። ሥራው የሰው ስሕተት ባየህ ቁጥር እጅህን የሚበላ ክፉ ልማድ ያስተርፋል። የሱቅ ማስታወቂያ እያነበብኩ በልቤ አርማለሁ። የሰርግ መጥሪያ ሲደርሰኝ መጀመሪያ የማየው ማን ማንን እንዳገባ ሳይሆን የትኛው ፊደል እንደተሳሳተ ነው። በዚህ ጠባዬ ብዙ ሰው ታዝቦኛል። ክፉኛ የጎዳሁት ግን አንድ ሰው ነው፤ እሱም ጎረቤቴ ወልደአረጋይ።

ደብረ ብርሃን አንድ ግቢ ውስጥ ተከራይተን ስንኖር ሃያ ዓመት ሊሞላን ነው። እኔ ከሚስትና ከልጆቼ ጋር፣ እሱ ከክራሩ ጋር። ቀን ቀን ፋብሪካ ውስጥ መጋዘን ላይ ይሠራል። ሲመለስ በሩን ዘግቶ ይጫወታል፤ ብርዱ እንዳያላላው ክራሩን በባና ጠቅልሎ ነው የሚያስቀምጠው። የራሱ ትከሻ ላይ ያን ያህል ልብስ አይቼ አላውቅም። ሚስቴ መጀመሪያ ሰሞን እንግዳ ያለበት መስሏት እንጀራ ትልክለት ነበር። ኋላ ነው ብቻውን እንደሚያወራ የገባን።

የአንኮበር ቄስ ልጅ ነው። አባቱ ቅኔ ቤት ያስገቡት እሳቸውን ተክቶ እንዲቀድስ ነበር። እሱ ግን የተማረውን ይዞ ወደ ክራር ኮበለለ። አባትየው እስኪሞቱ ድረስ ይህ አልተዋጠላቸውም። የሚዘፍነውም ስለ አገሩ ብቻ ነው። ለጣርማ በር ጉም ዘፍኗል፣ ለእነዋሪ ገበያ ዘፍኗል፣ ከአልዩ አምባ ቆላ በርበሬ ጭነው ለሚወጡት አህዮች ሳይቀር ዘፍኗል። «ለሴት አትዘፍንም እንዴ?» እያልኩ ስቀልድበት «ተራራ ይሻላል መምህር፣ መልስ አይጠበቅበትም» ይለኛል። የዓመት ፈቃዱ ሲደርስ ሌላው ሰው ሞቃት አገር ይወርዳል። እሱ በሚኒባስ አንኮበር ወጥቶ ከትምህርት ቤቱ በላይ ካለው ጥድ ሥር ብቻውን ሲቀመጥ ይሰነብታል።

የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ደብተር ይዞ መጣ። አዲስ አበባ ሄዶ አንድ ዘፈን ሊቀዳ ነው። «እስቲ ግድፈት ካለው እይልኝ» አለኝ። ቀይ እስክሪብቶዬን ለማውጣት ሁለት ጊዜ መለመን አላስፈለገኝም።

ግጥሙ ጥሩ ነበር። አልዋሽም፣ ቀናሁበት።

ጉም ለብሶ ቢውልም የአንኮበር ተራራ፣
ለሚወደው ዓይን ግን ሁሌም እንዳበራ።

ገበታው ቀረበ፣ አገር ከጾም ወጣ፣
እኔ ግን አልገድፍም ፋሲካ ሳትመጣ።

መጨረሻው ላይ ቆምኩ። ፋሲካ በዓል ነው። በዓል መጣ ይባላል እንጂ መጣች አይባልም። «ት»ን ሰርዤ «ይ» ጻፍኩበት፤ ሳይመጣ። ወልደአረጋይ ደብተሩን ተቀብሎ ብዙ ቆይቶ አየው።

«እንደዚህ ነው የሚባለው?»

«እንደዚህ ነው።»

«ሌላ መንገድ የለውም?»

«በሰዋስው የለውም» አልኩ፣ በኩራት።

«እሺ» አለ። የቅኔ ቤት ልጅ ነው፤ መምህር ያረመውን መልሶ ማጥፋት ነውር ነው ተብሎ ነው ያደገው። እንዳረምኩለት ቀዳው።

ከሁሉም ዘፈኖቹ ይህ ብቻ ክንፍ አወጣ። በየዓመቱ የትንሣኤ ሰሞን ሬዲዮ ይለቀዋል፣ በየሆቴል ቤቱ ይከፈታል፣ ሕፃናት በዜማው ይዘላሉ። እኔም ክፍል ውስጥ ማስተማሪያ አደረግኩት። አንድ ጎበዝ ተማሪ «አገሩ ከጾም ከወጣ ፋሲካ መጥቷል ማለት ነው፤ ታዲያ ሳይመጣ እንዴት ይላል?» ብሎ ጠየቀኝ። «ሰሙ በዓሉ ነው፣ ወርቁ የአገር ትንሣኤ ነው» ብዬ አፉን አስያዝኩት። ፈተና ላይም አወጣሁት፤ እንዲህ ብሎ ያልመለሰውን ሁሉ ነጥብ ቀነስኩበት።

በዓሉ ሲውል ግቢያችን ከየቤቱ በወልደአረጋይ ድምፅ ይሞላል። የዘፈኑ ባለቤት ቤቱ ቁጭ ብሎ ሽሮ ይበላል። ዶሮ ስንልክለት «ጨጓራዬን» ብሎ ይመልሳል። በዚያ ቀን የእሱን በር ማየት ያስጨንቀኝ ነበር። አገር በሙሉ እየዘፈነለት እንደሱ ብቻውን የቀረ ሰው አላውቅም።

ባለፈው ጥር አንዲት ሴት የግቢውን በር አንኳኳች። ሃምሳን የተሻገረች፣ ጥቁር ሻርፕ የደረበች፣ ፊቷ ገና ለሣቅ የሚቸኩል ሴት ናት። ወልደአረጋይን ፈልጋ ነው። ወስጄ አገናኘኋትና ማንም ውጣ ስላላለኝ እኔም ተቀመጥኩ።

ወልደአረጋይ ሲያያት ከመቀመጫው ተነሣ። «ፋሲካ» አለ። ይህን ስም በጆሮዬ ሰምቼ እንኳ ምንም አልጠረጠርኩም። የኔ ሊቅነት እንግዲህ ይኸው ነው።

ፋሲካ በወጣትነቷ አንኮበር አስተማሪ ነበረች። ኋላ አግብታ ሐዋሳ ገባች። ባሏ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። ልጇ መቅደስ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፤ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሰርጓ ነው።

«አንተ ካልዘፈንክ ሰርግ አልለውም» አለችው። «ሐዋሳ ሆኜ በዓል በመጣ ቁጥር ስሰማህ ነው የኖርኩት። ልጆቼ የእማዬ አገር ዘፈን ነው የሚሉት። አንድ ቅሬታ ግን አለኝ።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ለተራራው ዘፈንክ፣ ለአህያው ዘፈንክ፣ ለበዓሉ ዘፈንክ። ሁለት ዓመት ሙሉ የተማሪዎቼን ደብተር ተሸክመህ እስከ ቤቴ ደጃፍ ስትሸኘኝ፣ ለኔ አንዲት ስንኝ ጠፋችህ?»

እየሣቀች ነበር ያለችው። እሱም ሣቀ፤ ሣቁ ግን አላማረኝም።

ሸኝቷት ሲመለስ በሩ ላይ ቆመ። «መምህር» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «እኔ የጻፍኩት እኮ ሳትመጣ ብዬ ነበር።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ያ ሰው በፋሲካ ቀን ሽሮ ሲበላ የኖረው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ስሟን ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለራሷም ደፍሬ የነገርኳት ነገር የለም። በዘፈን ይደርሳታል ብዬ ነበር። አንተ ደግሞ እንዲህ አይባልም አልከኝ።»

ጫማዬን ሳላስር ልከተላት ተነሣሁ። እጅጌዬን ያዘኝ።

«ተወው። በአስረጂ የሚሄድ ቅኔ ቅኔ አይደለም። ሰርጉ ላይ እንደ ጻፍኩት እዘፍነዋለሁ። እሷም የአንኮበር ልጅ ናት፣ ጆሮ አላት። ከሰማች ደግሞ…»

ሦስት ወር ሌላ ሰው ሆኖ ከረመ። ጢሙን ተላጨ፣ አዲስ ሸሚዝ ገዛ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን ከፍቶ መለማመድ ጀመረ። እኔም በጓሮ ባለፍኩ ቁጥር ያቺን አንዲት ፊደል ጥርት አድርጎ ሲጠራት እሰማለሁ። እንደዚያ ጓጉቼ የራሴን ልጅ አልዳርኩም።

የሰርጉ ዕለት ድንኳኑ ጢም ብሏል። ወልደአረጋይ በርኖሱን ደርቦ ክራሩን ሲነካ እንግዳው በሙሉ በአንድ ጊዜ ተነሣ። ዘፈኑን የማያውቅ ሰው የለም። ተራራውን አብረውት ዘፈኑ፣ ጉሙን አብረውት ዘፈኑ። ያቺ ስንኝ ስትደርስ እሱ «ሳትመጣ» አለ፤ ድንኳኑ «ሳይመጣ» ብሎ ዋጠበት። ደገመው፤ ዋጡበት። ዝም እንዲሉለት እጁን ወደ ላይ ሲያነሣ ጩኹ ያላቸው መሰላቸውና ባሰባቸው። እኔ ብቻዬን ከእሱ ጋር «ሳትመጣ» እያልኩ ድምፄ ተዘጋ።

በመጨረሻ ክራሩን መሬት ላይ አስቀመጠው። ያለ ክራር፣ ያለ ጭብጨባ፣ ከፋሲካ ፊት ለፊት ቆሞ በባዶ ድምፁ ጀመረ። ሰው ግራ ተጋብቶ ዝም አለ። ያን ጊዜ እያንዳንዷ ፊደል ተሰማች።

ገበታው ቀረበ፣ አገር ከጾም ወጣ፣
እኔ ግን አልገድፍም ፋሲካ ሳትመጣ።

ፋሲካ ቀና አለች። እግዜር ምስክሬ ነው፣ ሰምታለች። ፊቷ ላይ አየሁት። እንደገና ማጨብጨብ የጀመረውን ሰው በእጇ እየከፈለች ወደ እሱ መጣች። አንገቱን አቅፋ ጉንጩን ሳመችው።

«አረጀህ እንዴ ወልዴ?» አለችው ሣቋ እያመለጣት። «የገዛ ዘፈንህን ተሳሳትክ እኮ! ሳይመጣ ነው።»

ወልደአረጋይ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ አየኝ። ዓይኔን የማደርግበት አጣሁ።

«አዎ» አላት፤ «መምህርም አንድ ጊዜ አርሞኝ ነበር።» ጎንበስ ብሎ ክራሩን አነሣና እንደታረመው ደገመላት።