የደበዘዘው መንዙማ

ፈህሚያ ጎንደር ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ካርዱ ጠፍቶበት የሚንከራተት በሽተኛ ሲመጣ፣ የአባቱን ስም ጠይቃ ከመደርደሪያው መዝዛ የምታወጣለት እሷ ናት። የክፍሉ ኃላፊነት ለውድድር በወጣ ቁጥር ታመለክታለች፤ ዘንድሮ ለሦስተኛ ጊዜ ስሟ ቀረ። የተሾመው ኢዮስያስ፣ ከመጣ ዓመት ያልሞላው ወጣት፣ ማስታወቂያው እንደተለጠፈ ጠጋ ብሎ፣

«እትዬ ፈህሚያ፣ ሥራውን ያሳዩኛል አይደል?» አላት።

«እሺ» አለችው። ከሥራ ስትወጣ ቤቷ መሄድ አስጠላት፤ ሚኒባስ ተሳፍራ አዘዞ፣ አጎቷ ጀማሉዲን ዘንድ ሄደች።

ሽማግሌው ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ፣ የድሮ መንዙማ የሚያነብላቸው ሰው ካገኙ አይለቁም። ግጥሙ የአያታቸው እጅ ጽሑፍ ነው፤ ቃሉ አማርኛ፣ ፊደሉ ዓረብኛ። ብሶቷን ሳትጨርስ ደብተሩን ጉልበቷ ላይ አኖሩት።

«አጎቴ፣ ዛሬ ለግጥም የሚሆን ልብ የለኝም።»

«ባለሽ ልብ አንብቢ።»

እየተነጫነጨች ጀመረች። ቀለሙ ደብዝዞ የአናባቢው ምልክት አይታይም፤ በግምት ነው የምታነበው። «መዘነኝ ጌታዬ» የሚል ስንኝ ላይ ስትደርስ ደብተሩን ከደነችው።

«ይኸው! መዘነኝና ቀለልኩበት። እዚህም እሱው ነው!»

ሽማግሌው ሳቃቸው አመለጣቸው። «ምነው ልጄ፣ ጌታ ሲል የቢሮ አለቃሽ መሰለሽ? ‹መዘነኝ› አይደለም፣ ‹መዝነኝ› ነው። ሰው ሲንቀው ወደ አላህ ዞሮ፣ አንተ መዝነኝ፣ ሚዛኑ ያንተ ነው ማለቱ ነው።»

ፈህሚያ ደብተሩን መልሳ ከፈተች። ስንኙን ደጋግማ አነበበችው። ስሟ በቀረ ቁጥር «ምን ጎድሎኝ ይሆን?» እያለች ራሷን ስትወቅስ መኖሯ ትዝ አላት። ጎደለሽ ያላት ሰው ግን የለም፤ እሷም ጠይቃ አታውቅም። ትንፋሿ ረጋ አለ። ንዴቱ እንዳለ ነው፤ የለቀቃት እፍረቱ ነው።

በማግስቱ ለኢዮስያስ የካርዱን አደራደር አሳየችው፤ እሱ ምን አጠፋ? ከዚያ አስተዳደር ቢሮ ገብታ፣ የውድድሩ ነጥብ በጽሑፍ እንዲሰጣት አመለከተች። አቤት ስትል የመጀመሪያዋ ነው። ጸሐፊዋ «ምን ያደርግልሻል?» ብትላት፣ «ልወቀዋ!» አለች።

ወር አለፈ፤ መልስ የለም። ሰኞ ሰኞ ስትጠይቅ «ፊርማ ላይ ነው» ይሏታል፤ ጥርሷን ነክሳ ትመለሳለች። ቅዳሜ ግን አዘዞ ናት፤ መንዙማውን በአዲስ ደብተር እየገለበጠች፣ በየቃሉ ከአጎቷ ጋር ትከራከራለች። አንዳንዴም ትረታቸዋለች።