ያለ ተራዬ የቀረብኩበት መስኮት

በደብረ ማርቆስ ስውር ደንበኛ ሆነው ከሠሩት ሰዎች ሁሉ ቅጹ አንድም ቀን ይታረም ተብሎ ያልተመለሰበት እኔ ብቻ ነኝ። ይህን ያለችው አዲስ አበባ ያለችው ተቆጣጣሪዬ ናት፤ እኔ የጨመርኩበት የለም። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት በራሴ ነው፤ የወፍጮ ሞተር መፍታትና መግጠም የተማርኩት ከሞተሩ ጋር ከመጣው መጽሐፍ ነው። ከይጁቤ እስከ ደብረ ወርቅ ቆሞ የቀረ ወፍጮ ካለ የሚጠሩት እኔን ነበር። ጉልበቴ ሲደክም ስልክ መነካካትንም ማንም ሳያሳየኝ ለመድኩ፤ ይህንንም ሥራ ያገኘሁት በስልክ ነው። አሁን የምጽፈው ግን በዚሁ ስልክ ላይ በጻፍኩት ነገር እንጀራዋን ስላሳጣኋት አንዲት ልጅ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። አንድ ድርጅት ወደ ባንክ፣ ወደ ፋርማሲ ወይም ወደ ነዳጅ ማደያ ይልከኛል። እንደማንኛውም ደንበኛ ገብቼ እስተናገዳለሁ፤ ከወጣሁ በኋላ ያየሁትን በሁለት ሰዓት ውስጥ ስልኬ ላይ ባለው ቅጽ እሞላለሁ። ማንነቴን ለማንም አልናገርም።

እኔ ቤት ግን ሁለት ሰዓት ማግኘት ቀላል አይደለም። ልጄ ነርስ ናት፤ ተረኛ ስትሆን ሁለቱ ሴት ልጆቿ በእኔና በባለቤቴ እጅ ናቸው። ባለቤቴን ጉልበቷን ስለሚያማት የሚሮጠው እኔ ነኝ፦ ጤፍ ማስፈጨት፣ እድር መገኘት፣ ትንሿን ከመዋለ ሕፃናት ማውጣት። አንዳንዴ ሥራውንና ትንሿን አንድ ላይ እይዛቸዋለሁ። አንድ ቀን ፋርማሲ ገብቼ የሌለብኝን ሳል ስዘረዝር፣ ትንሿ «አያቴ፣ መቼ ነው ያሳለህ?» ብላ ባለመድኃኒቱን አሳቀችብኝ። ቅጹን ግን ሳላዛንፍ ሞላሁ።

አንድ ማክሰኞ የተላክሁት ወደ አንድ ባንክ ነበር። ትንሿ የምትወጣው ስድስት ሰዓት ነው፤ እኔ የተራ ቁጥር ይዤ ስቀመጥ አምስት ተኩል አልፏል። ከፊቴ ብዙ ሰው አለ። ሰዓቴን አየሁ፣ ተነሣሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ደግሜ አየሁ። መስኮቱ ላይ የነበረችው ልጅ ይህን ሁሉ ስታይ ቆይታ በእጇ ጠራችኝ።

«አባባ፣ ምነው ተቻኮሉ?»

የልጅ ልጄን ከትምህርት ቤት ላወጣ ነው አልኳት። እውነት ነው። ቀና ብላ ተራ የሚጠብቁትን አየችና አባባን ላሳልፋቸው ወይ ብላ ጠየቀች። አንድም ሰው አላጉረመረመም፤ እንዲያውም አንዱ ክንዴን ይዞ እስከ መስኮቱ አደረሰኝ። ደስ አለኝ፤ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው የሚገባ ነው ብዬ ተቀበልኩት። እየሠራች የልጅ ልጄ ስንት ዓመቷ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ መዋለ ሕፃናቱ በር ላይ ነበርኩ።

ቤት ገብቼ ትንሿን በአንድ እጄ እያጎረስኩ በሌላው ቅጹን ሞላሁ። ደንበኞች በተራ ቁጥራቸው ተስተናግደዋል? አልተስተናገዱም። ሠራተኛዋ «ክቡር ደንበኛችን» ብላ ተቀብላለች? አልተቀበለችም፤ ያለችኝ አባባ ነው። ከሥራ ውጭ ወሬ አንሥታለች? አዎ። መጨረሻ ላይ አስተያየት የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ ሌላው ሰው ባዶውን ይተወዋል፣ እኔ አልተውም። እንዲህ ብዬ አሳመርኩት፦ «ተራ ቁጥሩ በእጄ ላይ ለጌጥ ቀረ፤ መስኮቱም የዘመድ ቤት ደጃፍ መሰለኝ።»

በማግስቱ ተቆጣጣሪዬ ደውላ እንደ እርስዎ የሚጽፍ የለም አለችኝ። ምሳ ላይ ለባለቤቴ አነበብኩላት። ወጡን እያወጣች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ታዲያ አንተ ለምን አለፍህ?» አለችኝ።

ይህ ሥራ አይገባሽም ብዬ አፏን አስያዝኳት።

አንድ ወር ያህል ቆይቼ፣ በአንድ ሰኞ ቀን፣ ለራሴ ጉዳይ ወደዚያው ባንክ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ዘበኛውን አውቀዋለሁ፤ የአባቱን ወፍጮ የጠገንኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ የት ሄደች አልኩት። የሙከራ ጊዜዋን ሳትጨርስ ክስ ስለቀረበባት ከመስኮቱ አንሥተው ወረቀት እንድታደራጅ ውስጥ አስገብተዋታል፤ ትቀጠር ትሰናበት የሚለው በዚህ ሳምንት ይወሰናል። ወላጆቿ ዲማ ያሉ ገበሬዎች ናቸው፤ ታናናሾቿን የምታስተምረው እሷ ናት። ደንበኛ መስሎ የገባ ሰው ጽፎባት ጽሑፉ በስብሰባ ላይ ተነበበ አለኝ።

«ቃሉን ሁላችንም ይዘነዋል ጋሼ። ቁጥር በሰጠን ቁጥር "ለጌጥ ይሁንልህ" እንባባላለን።» ሳቁን ገታና፣ «ግን እንዲህ የጻፈባት ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለኝ።

እሷስ ማን እንደሆነ አላወቀችም ወይ ብዬ ጠየቅኩት። በቀን ያን ሁሉ ሰው የምታስተናግድ ልጅ ማንን ለይታ ታውቃለች አለኝ። የጻፍኩትን ሰው በቃሉ ሲይዝልኝ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

እዚያው ደጅ ቆሜ ተቆጣጣሪዬ ዘንድ ደወልኩ።

«የጻፉት ሐሰት ነው እንዴ አባቴ?» አለችኝ።

«አይደለም።»

«ታዲያ ምኑን ላርመው?»

ተሳስቻለሁ ብዬ በጽሑፍ ካመለከትኩ ሪፖርቱ እንደሚሰረዝ፣ እኔም ከዝርዝሩ እንደምወጣ አስረዳችኝ። ላስብበት አልኳት። ማክሰኞ ትልቋን ልጅ ትኩሳት ያዛት፤ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ረቡዕ ወፍጮ ቤት ነበርኩ። ሐሙስ እድር ነበር። በኋላ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የቤቱ ጣጣ ጊዜ ነሣኝ እያልኩ ተናግሬያለሁ። ውሸት ነው። ጤና ጣቢያው ወንበር ላይ ግማሽ ቀን ሥራ ፈት ተቀምጫለሁ፤ እድሩ ላይ ደግሞ የጎረቤቴን ማመልከቻ አርሜለታለሁ። ተሳስቻለሁ የምትለዋን ቃል ግን እጄ እምቢ አለኝ፤ በሕይወቴ ጽፌያት አላውቅም ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ያስቸኮልኳትም እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩት። በአክብሮት አስቀምጦ ሰማኝ። የስንብት ደብዳቤዋ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተፈርሟል። አንድ ቀን ቢቀድሙ ኖሮ አለኝ። ያም ሆኖ ቃሌን በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት፤ ተቀብሎ መሳቢያው ውስጥ አስገባው።

ስወጣ ዕቃዋን በፌስታል ይዛ ደጅ ቆማለች።

«እኔ ነኝ የጻፍኩብሽ» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «ሪፖርቱ ላይ ሰዓቱ ተጽፎ ነበር። በዚያ ሰዓት ያለ ተራ ያሳለፍኩት እርስዎን ብቻ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ዘበኛው ያውቅዎታል እኮ አባባ። በዚህ ዕድሜዎ መሳቂያ ላድርግዎ?»

ዝቅ ብላ ተሰናበተችኝና ወደ መናኸሪያው ሄደች። ልሸኝሽ ማለት እንኳ አልመጣልኝም።

ለባለቤቴ የነገርኳት በዚያው ቀን ነው። ምስር እየለቀመች ነበር። አልቆጣችኝም። የክርስትና ስሟ ማን ይባላል፣ በጸሎቴ ላስባት አለች። ደረቷ ላይ የነበረውን ስም ከነአባቷ አንድ ፊደል ሳልስት ቅጹ ላይ አስፍሬዋለሁ፤ የክርስትና ስሟን ግን አላውቀውም አልኳት።

«እንግዲያው ሄደህ ጠይቃት።»

«ዲማ ድረስ?»

«ዲማ ድረስ» አለችና ምስሯን መልቀም ቀጠለች።

እስካሁን አልሄድኩም።