ለሐሊማ እጅ የሚሆን መክፈቻ

ሐሙስ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ጅዳ

ባለቤቴ ሻንጣዬን ወደ ደረጃው ሲያወርድልኝ ወገቡን ይዞ ቆመ። «ሰዓዳ፣ ምን ጨምረሽበት ነው? ድንጋይ ነው ብረት?»

«ብረት ነው። ድንጋዩ ያለው ጂዛን ነው» አልኩት።

ቀልዴ አልነበረም። ከሁለት ቅያሬ ልብስ ሌላ በሻንጣው ውስጥ በፎጣ የተጠቀለለ አንድ መሣሪያ ነበር። ጠፍጣፋ እንጨት ነው፤ በእንጨቱ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚል ክንድ የሚያህል የብረት እጀታ በቡሎን ታስሯል፤ ከእጀታው ሥር አጭር፣ ደነዝ ያለ የብረት ምላስ አለ። ማሓር መክፈቻ ነው። ማሓር የሚሉት ዓረቦቹ ድንጋይ በሚመስል ሁለት ቅርፊት መሐል የሚኖረውን የባሕር እንስሳ ነው። እኔ ወሎ ተወልጄ የት አውቄው! ያወቅሁት ጂዛን፣ ኡም ሳሊም ቤት ሥራ በገባሁ ጊዜ ነው።

የምሄደው ለሐሊማ ብዬ ነው። ሐሊማ የአገሬ ልጅ ናት፤ ያኔ ኡም ሳሊም ቤት አንድ ማድ ቤት ውስጥ አራት ዓመት አብረን ሠርተናል። አሁን የየመን ጠረፍ አካባቢ የሚኖር ሰው ቤት አሮጊት እናቱን ስታስታምም ቆየች፤ አሮጊቷ ግን ሞቱ። ከፊሏ፣ አሠሪዋ ማለት ነው፣ «እስከ ወሩ መጨረሻ የሚወስድሽ ሰው ካገኘሽ ወረቀትሽን አዛውራለሁ፤ ካላገኘሽ ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ፣ መትቼ ወደ አገርሽ» ብሏታል። ልጇ ነይማ ደሴ ነርስነት ትማራለች፤ የቀራት አንድ ዓመት ነው። እናቷ ዘንድሮ ከተመለሰች ትምህርቱ እዚያው ላይ ይቆማል።

ኡም ሳሊም ደግሞ ሰው ትፈልጋለች። እቤቷ እያበሰለች፣ ኢኮኖሚክ ሲቲው ነዳጅ ማጣሪያ ለሚሠሩ የውጭ ኢንጂነሮች ትልካለች፤ እነሱ ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ማሓር ነው። ግን ሐሊማን አልወስድም ብላለች። ለምን እንደሆነ መንገድ ላይ እነግራችኋለሁ።

ሐሙስ፣ በባሕሩ ዳር

አውቶቡሱ ሊስን አልፎ ወደ ቁንፉዛ ሲወርድ ባሕሩ በስተቀኝ፣ አሸዋው በስተግራ ነው። ለቁርስ በቆምንበት አንዲት ሱቅ ሻይ በወተት ጠጥቼ የባቄላ ፉል በላሁ። ከጎኔ የተቀመጠች ሱዳናዊት «ወደዚያ ጦርነት ምን ያስኬድሻል?» አለችኝ። «ድንጋይ ልከፍት» አልኳት። ፈገግ ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ያበድኩ ሳይመስላት አልቀረም።

እኔም በመስኮቱ እያየሁ ያንን ማድ ቤት አሰብኩ። በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት ኡም ሳሊም ከሳሎን «ያ ሰዓዳ! ጂቢ ል-ማሓር!» ብላ ጮኸች። ጂቢ «አምጪ» መሆኑን ተምሬያለሁ። ቀጥሎ የሰማሁት ግን «ማር» ነው። ደስ አለኝ! አንድ ቃል ያለ አስተርጓሚ ገባኝ ብዬ፣ የጂዛኑን ማር በብርጭቆ ቀድቼ፣ ማንኪያ ጨምሬ፣ እንግዶቹ ፊት አቀረብኩ። ኡም ሳሊም ብርጭቆውን አየች፣ እኔን አየች። ጣቷን ነክራ ላሰችና እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ በኋላ እዚያ ቤት ማሓር የሚባል ቃል ጠፋ። እሷም፣ ሐሊማም፣ ዓሣ ሻጩም ሳይቀር «የባሕር ማር» ሆነ ስሙ።

ያን ጊዜ የምንከፍተው በሽንኩርት ቢላ ነበር። ማሓሩን በግራ መዳፍ መያዝ፣ የቢላውን ጫፍ ስንጥቁ ላይ መሰካት፣ መጠምዘዝ። ጫፉ ሹል ስለሆነ ሲያመልጥ ሥጋ ነው የሚያገኘው። አንድ ቀን እኔ የመንደራችንን አንድ ጥጋበኛ ሙሽራ ታሪክ እያወራሁ፣ ሐሊማ ግራኝ ስለሆነች ቢላውን በግራዋ፣ ማሓሩን በቀኟ ይዛ ትሠራለች። ወሬዬ የሚያስቀው ቦታ ደረሰ፤ ሳቀች፤ ቢላው አመለጠ። ቀኝ መዳፏን ሰንጥቆ ገባ። ሐኪሙ ሰፋው፤ ሁለቱ ጣቶቿ ግን እንደ ቀድሞው አልታጠፉም። ኡም ሳሊም ያን ቀን ደሙን ከወለሉ ያጠበችው ራሷ ናት። አሁን በስልክ ስለምናት የመለሰችልኝ አንድ ነገር ነው፤ «የዚያችን ልጅ ደም ሁለተኛ አላይም። በዚያ እጇ ማሓር አትይዝም።»

እኔም ጅዳ ዓሣ ተራ ለሦስት ቀን ስዞር ያገኘሁት ይህ መሣሪያ ነው። ሻጩ «በእጅ መጨበጥ አያስፈልገውም፤ ማሓሩን እንጨቱ ይይዝልሻል» ሲለኝ ያለ ክርክር ገዛሁት። ኡም ሳሊምም «እስቲ አምጪው፣ ልየው። ካየሁ በኋላ እናገራለሁ» አለች።

ደርብን ስናልፍ ፍተሻ ነበር። ወታደሩ ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ አይቶ ሻንጣዬን አስከፈተኝ። መሣሪያውን እያገላበጠ «ይኼ የምን መሣሪያ ነው?» አለ። «ለማሓር» ስለው እጀታውን ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ አደረገና ጓደኛውን ጠራ። ሁለቱም ተራ በተራ ሞከሩት። ከዚያ «ያላ፣ ሂጂ» አሉኝ። በይሽ ጋ የማጣሪያው ማማዎች ታዩ፤ ጂዛን የገባነው ፀሐይ ወደ ባሕሩ ስትወርድ ነው።

ዓርብ፣ ወደ ሳምጣ

ኡም ሳሊም አርጅታለች። ተቃቅፈን ሳናበቃ «ከሳሽ» ብላ ሙሉ ትሪ አቀረበችልኝ፤ ሙዝ ከትኩስ ቂጣ ጋር ታሽቶ ቅቤና ማር የፈሰሰበት፣ ማርሳ የሚሉት ነው። ዓርብ ጧት ሐሊማን ላመጣ በኮንትራት መኪና ወጣሁ። ሾፌሩ ከሑደይዳ የመጣ የመናዊ ነው። አቡ ዓሪሽ ላይ ቆሞ ውኃ ገዛልኝ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ በማሽላና በማንጎ እርሻ መሐል ነው፤ ከአንዱ እርሻ የእኛ አገር ወንዶች ድምፅ ሰማሁ፣ መኪናው ዝግ ሲል ድምፁ ጠፋ። ፖሊስ መስለናቸው ነው።

ሳምጣ ልንደርስ ስንል ከሩቅ መድፍ ዱም አለ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ሾፌሩ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገ።

ሐሊማ በሩ ላይ ጥቅሏን ይዛ ቆማ ጠበቀችኝ። ከፊሏ ከጠረፉ መንደር ሰው ሲነሣ ነው ቤተሰቡን ይዞ ሳምጣ የተከራየው።

«ወፍረሻል አቦ!» አለችኝ ገና ሳትስመኝ።

«ኡም ሳሊም ከስተሻል አለችኝ።»

«እሷ ዓይኗ ደክሟል።» ደግሞ ዱም አለ። እኔ ትከሻዋን ጨመደድኩ። «አብሽሪ፣ እኛ ለምደነዋል። ያልለመዱት ዶሮዎቹ ናቸው፤ ከመጣን እንቁላል ጥለው አያውቁም» አለችና ሳቀች።

መኪናው ውስጥ ቀኝ እጇን ያዝኩት። ሁለቱ ጣቶች ቀጥ እንዳሉ ናቸው። አንድ ነገር ልናገር ስል ቀደመችኝ፤ «ስለ እጄ ይቅርታ ከጠየቅሽኝ እዚሁ እወርዳለሁ። ይልቅ ያ ሙሽራ በመጨረሻ ምን ሆነ? ስትጨርሺ አልሰማሁም።» እስከ ጂዛን ስስቅም ሳለቅስም ነገርኳት።

ቅዳሜ፣ ማድ ቤት

ጧት ከወደቡ አጠገብ ካለው ዓሣ ገበያ አንድ ዘንቢል ማሓር አመጣን። ኡም ሳሊም ወንበር አስመጥታ እበሩ ላይ ተቀመጠች፣ እጆቿን አጣምራ። እኔ መሣሪያውን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ፣ እንደ አዋቂ አንዱን አስቀመጥኩና እጀታውን ተጫንኩ። ቅርፊቱ እንደ ብስኩት ተፈረካከሰ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ተፈናጥሮ ግድግዳ መታ።

ኡም ሳሊም ከተሰባበረው ላይ አንድ ጉርሻ አንሥታ አኘከችና ተፋችው። «አሸዋ ነው። ይኼን ለእንግዳ አቅርቤ? ኸላስ፣ በቃ፣ ሰዓዳ። ስለ ድካምሽ አላህ ይስጥሽ።» ልትነሣ ወንበሩን ተደገፈች።

ሻጩ እንዲህ አለኝ፣ እንዲያ አለኝ እያልኩ ማስረዳት ጀመርኩ።

«ሰዓዳ፣ አንድ ጊዜ ዝም በይልኝ» አለች ሐሊማ በአማርኛ። ጠጋ ብላ መሣሪያውን ከላይ ከታች አየችው። «አፉን ነው እኮ የሰጠሽው። አፉማ ስስ ነው፣ ይሰበራል። የሚከፈተው ከኋላው፣ ሁለቱ ቅርፊቶች ከተያያዙበት ነው።» ፎጣ አርጥባ አጥፋ እንጨቱ ላይ አነጠፈች። ማሓሩን ጎድጓዳውን ወደ ታች፣ ጠፍጣፋውን ወደ ላይ አድርጋ፣ መገጣጠሚያውን ከብረቱ ምላስ ሥር አስጠጋች። እጀታውን በእጇ አልያዘችውም፤ በቀኝ ክርኗ ተጫነችው።

ጧ!

አልተሰበረም። እንደ መጽሐፍ ተከፈተ። በግራዋ አንድ አጭር ደነዝ ቢላ ከላይኛው ቅርፊት ሥር አሾልካ፣ የያዘውን ጅማት ቆርጣ፣ ውኃው ሳይፈስ ሳህን ላይ አኖረችው። አንድ፣ ሁለት፣ አሥር። ያቺ ቀኝ እጇ ስለት አጠገብ አልደረሰችም።

ኡም ሳሊም ተነሥታ መጣች። «ዞር በይ» አለቻት። ራሷ አንድ አስቀምጣ፣ ሪህ ባኮማተረው እጇ ሳይሆን በክርኗ ተጫነች። ጧ! እንደ ልጅ ሳቀች። ሌላ ደገመች። ከዚያ ሳቋን ቆም አድርጋ መሣሪያውን አየችው። «ታዲያ በዚህ እኔው ራሴ እከፍተዋለሁ እኮ» አለች። «ሰው ለምኔ ነው?»

አንባቢዎቼ፣ ያን ጊዜ የተሰማኝን እንዴት ልንገራችሁ። ሥራውን ቀላል አድርጌ አድርጌ፣ የሐሊማን እንጀራ በገዛ እጄ ዘጋሁት። ሐሊማም ገባት፤ ፊቷ ዓመድ መሰለ። ግን እጇ አላረፈም፤ ከዘንቢሉ የቀረውን እያነሣች በግራ ጣቷ አንጓ ኳ ኳ እያደረገች ታዳምጣለች። አንዱን ወደ ቆሻሻው ወረወረች። ትንሽ ቆይታ ሌላ።

«ምን እያደረግሽ ነው? ያልተከፈተ ትጥያለሽ?» አለች ኡም ሳሊም።

«ሞቷል።»

«በምን አወቅሽ?»

«ድምፁ ባዶ ቤት ነው።»

ኡም ሳሊም ከቆሻሻው አንሥታ በመሣሪያው ከፈተችው። ሽታው ሁላችንንም ወደ ግቢ አስወጣን። አፍንጫዋን በሻሿ ይዛ ተመለሰችና የመጨረሻውን ሳህን አየች፤ እዚያ ላይ ራሷ ከከፈተቻቸው ሁለት አንዱ ቀለሙ ግራጫ ሆኖ ተጨማዷል። በጣቷ ገፋችው።

«ይኼን ኢንጂነሩ ቢበላው ኖሮ» አለች። ከዚያ ሐሊማን በክንዷ ይዛ፣ «ስሚ ያ ቢንቲ፣ ልጄ። እጀታውን እኔ እጫናለሁ፣ አንቺም ትጫኛለሽ፣ ግድ የለኝም። ዘንቢሉን ግን ካንቺ በቀር ማንም አይነካም። ሹል ቢላ ደግሞ በዚህ ቤት አላይም። ለከፊልሽ ደውዪና ስልኩን ስጪኝ» አለቻት።

እሑድ፣ መመለስ

ሐሊማ እስከ አውቶቡሱ ሸኘችኝ። ሁለታችንም ብዙ አላወራንም፤ ለእኔ ይህ ብርቅ ነው። ባሕሩ አሁን በስተግራዬ ሆኖ፣ የድሮው ማድ ቤት፣ የእኛ ወጣትነት፣ ሦስት ሆነን አንድ ትሪ ከበን የበላነው ሁሉ በመስኮቱ ሲያልፍ እስከ ጅዳ ሳየው መጣሁ።

ባለቤቴ ባዶ ቀለል ያለውን ሻንጣ ተቀብሎኝ «ብረቱስ?» አለ። «እዚያው ቀረ» አልኩት። በሦስተኛው ሳምንት ሐሊማ ደወለች፤ ወረቀቷ ኡም ሳሊም ስም ላይ ዞሯል፤ ነይማም ለመጨረሻው ዓመት ተመዝግባለች።

ያ ሁሉ መንገድ የሄድኩት የሐሊማን እጅ የሚተካ ነገር ይዤ ነበር። ስንት ዓመት እጇን ብቻ ሳስብ፣ እዚያው ማድ ቤት ከጎኔ ተቀምጣ እያንኳኳች የምታዳምጠውን ጆሮዋን አንድ ቀን አላስተዋልኩትም። ወሬዬ በዝቶ ይሆናል።