በዱቤ ቅቤ የተቋጨ ክርክር

ያን ቀን ንጋት ላይ በኪራይ ሚኒባሱ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን፦ የወረዳችን የበጀት ኮሚቴ ሰብሳቢ ሃጂ ቃሲም ከሾፌሩ ጎን፤ በቀኝ በኩል ኦቦ ከድርና ሁለት ጓደኞቹ፤ በግራ በኩል ጋሽ ተፈራና ሁለት ጓደኞቹ፤ ከሁሉም ኋላ እኔ ራህማና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዋ ልጄ ሰሚራ። ጭኔ ላይ ደግሞ በጨርቅ የጠቀለልኩት የግንበኛ መስፍን ቱንቢና ውሃልክ ነበር። የወረዳችንን ስም አልጽፍም። ሰዎቹ አሁን ታርቀዋል፣ ላስቀይማቸው አልፈልግም።

የሄድነው ስለ ድልድይ ነው። መንደራችንንና ትምህርት ቤቱን የሚለየው ወንዝ በበጋ ጫማ አያረጥብም። ዝናብ ሲጀምር ግን ሌላ ፍጥረት ይሆናል። አምና የሰሚራን ቦርሳ ከትከሻዋ ላይ ነጥቆ ወሰደ። ቦርሳውን ብቻ ነው፣ አልሃምዱሊላህ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ደመና እቆጥራለሁ። ለሰሚራም ቁርጡን ነግሬያታለሁ፦ ድልድዩ ሳያልቅ ዝናቡ ከገባ ትምህርት ቤት አትሄጂም። ዘንድሮ ደግሞ ፈተና አለባት። ስነግራት ለሦስት ቀን አኮረፈችኝ።

የድልድዩ ሁለት ምሰሶዎች ቆመዋል። ያቆማቸው መስፍን አራት ወር እኔ ቤት እየበላ ሠራ። ከዚያ ወረዳው ገንዘብ አለቀብኝ አለ፣ የሁለት ወር ሂሳቡ ሳይከፈለው ቀረ። ሲሄድ ቱንቢውንና ውሃልኩን ሰጠኝና «እትዬ፣ እነዚህን ይያዙልኝ። ግንበኛ ያለ ቱንቢ የትም አይሄድም፣ እመለሳለሁ» አለኝ። ሄዶ ቀረ። በመንገዴ ካገኘሁት ብዬ ነው ይዣቸው የወጣሁት።

ወረዳው ላለፉት ሥራዎች ያልከፈለው ብዙ እዳ አለበት። ስለዚህ ኮሚቴው ራሱ «ከዚህ አናልፍም» ብሎ የእዳ ጣሪያ አስቀምጧል። ለድልድዩ ሲሚንቶና ብረት በዱቤ ከተወሰደ ጣሪያው ይታለፋል። ኦቦ ከድር አይታለፍም ይላል፣ ጋሽ ተፈራ ይታለፍ ይላል። ሦስት ለሦስት ሆነው፣ ሃጂ ለአንዱ ወገን ማድላት አልፈልግም ብለው፣ ሁለት ጊዜ ተሰብስበው ተበተኑ። ሃጂም «አገራችን ላይ ከተሰበሰብን ዘመድ እየገባ ያጣላናል» ብለው ሦስተኛውን ስብሰባ ሮቤ አደረጉት። እኔን ጎረቤቶቼ የላኩኝ የሲሚንቶውን ከረጢት ስቆጥር ስለከረምኩ ነው። ሰሚራን ያመጣኋት ወንዝ ዳር ትቻት መሄድ ስላልሆነልኝ ነው።

መንገድ ላይ

ጋሽ ተፈራ ሁለት መኪና እንድንከራይ ፈልጎ ነበር። ኦቦ ከድር «ለሁለት ኩርፊያ ሁለት መኪና አንከፍልም» ብሎ አስቀረው። እናም ሁለቱ ወገን በአንድ ሚኒባስ ተሳፍረው፣ መሃል ያለውን መተላለፊያ እንደ ድንበር አድርገው፣ አንዱ በቀኝ መስኮት አንዱ በግራ መስኮት እያዩ ሄዱ። የጎሮን ከተማ ስናልፍ የገበያ ቀን ስለነበር በጎችና አህዮች መንገዱን ሞልተውት ነበር። ሾፌሩ ክላክስ ሲያደርግ ጋሽ ተፈራ አንገቱን አውጥቶ አንዱን የበግ ባለቤት ዋጋ ጠየቀው። ኦቦ ከድር ወደ መስኮቱ እንደዞረ «መግዣ ሳይኖረው ዋጋ ይጠይቃል» አለ። ሃጂ ቃሲም ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት።

ወደ ሮቤ ስንቃረብ ሜዳው ተዘረጋ። የስንዴው እርሻ እስከ ተራራው ሥር ድረስ ታርሶ ጥቁር ሆኗል፣ ትራክተሮች ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ሰሚራ ስንት ትራክተር እንዳየች ስትቆጥር እኔ ደመናውን እቆጥር ነበር። ሦስት ትንንሽ ብቻ ነበሩ።

ሦስት ሰዓት፣ ሮቤ

ከስብሰባው በፊት ግማሽ ሰዓት ስለነበረን የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጡበት ሰፈር ሄጄ ስለ መስፍን ጠየቅሁ። «አካም ቡልተን?» ብዬ ሰላምታ ሰጠሁና ቱንቢውን አሳየሁ። አንዱ ባለሱቅ ቱንቢውን በእጁ መዘነው።

«ረጅሙ ነው? ሲሠራ የሚያፏጨው?»

«እሱ ነው!»

«ጎባ ሄዷል፣ አደ። አንድ ሰው ቤት ሊያሠራው ወስዶታል» አለኝ፤ አደ ማለት እትዬ ነው።

ደስ ብሎኝ ለሰሚራ ሁለት ሳምቡሳ ገዛሁላት፣ ለራሴ ሻይ። የሻዩ ሃያ ብር ትንሽ ቆጨኝ፤ መንደራችን ላይ በዚያ ዋጋ ሁለት ይጠጣል።

ስብሰባው እንደተጀመረ ጋሽ ተፈራ ተነሳና ስለ ሰፊ ድልድይ ተናገረ። መኪና የሚያሳልፍ፣ አምቡላንስ የሚያሳልፍ። ሲናገር እንዴት ያምራል! እኔ ልቤ ከሱ ጋር ሄደ። ቀጥሎ ኦቦ ከድር ተነሳ። ድምፁ ቀጭን ነው። «አምና እዳው ሲበዛ ምን ሆነ? የአስተማሪዎች ደመወዝ ሁለት ወር ዘገየ። የሂሳብ አስተማሪው ጥሎ ሄደ። ረሳችሁት?» አለ። እኔ አልረሳሁትም። ሰሚራ ያን ዘመን ሂሳብ ሳትማር ነው የከረመችው። ልቤ ተመልሶ ወደሱ ሄደ። እንዲህ ሁለት ቦታ ተከፍዬ እንደተቀመጥኩ የኦቦ ከድር ስልክ ጮኸ። መንደራችን ኔትወርክ ስለማይይዝ ከትናንት ጀምሮ ሲፈልጉት ኖረዋል።

ጆሮው ላይ አደረገው። ከዚያ ተቀመጠ። ዓይኑ ውሃ ሞላ።

«ምነው? ክፉ ነው?» አሉ ሃጂ።

«ሴት ልጅ!» አለ። «ልጄ ሃሊማ ወለደች። ትናንት ወልዳ ዛሬ ከሐኪም ቤት ወጥታለች። ወላሂ አያት ሆኛለሁ! ጣሪያችሁን ያዙልኝ፣ እኔ ጎባ ሄጃለሁ» ብሎ ወረቀቱን እንኳ ሳይሰበስብ ወጣ።

«ሸሸ!» አለ ጋሽ ተፈራ።

አንድ ጊዜ ሰው በሌለበት ውሳኔ ተላልፎ ስላጣላቸው፣ ሰባቱም ካልተገኙ ምንም እንዳይጸድቅ ተማምለዋል። ሃጂ ቃሲም «እንግዲህ ወደ ቤት» አሉ። ዝናቡ እየመጣ ነው። በሰው ፊት መናገር ያስፈራኛል፣ ያን ጊዜ ግን ሳላስበው ተነሳሁ።

«ሃጂ፣ ሰው የልጅ ልጅ ተወልዶለት፣ ከጎባ ሃያ ደቂቃ ላይ ሆነን፣ ሳንጠይቀው ወደ ቤት እንመለሳለን? ነገ በምን ዓይን ያየናል?»

ጋሽ ተፈራ ራሱን አከከ። «ይህስ እውነት ነው። ልጅ በጀት አይደለም» አለ።

የአራስ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም። ሁለቱ ወገን ግን አሁንም ስለማይነጋገሩ ተለያይተው ገበያ ገቡ። የኦቦ ከድር ጓደኞች ብራቸውን ቆጥረው የገብስ ዱቄት ገዙ። ጋሽ ተፈራ ኪሱን ቢዳብስ ቅቤ የሚገዛ ገንዘብ የለውም። የሚያውቀው ባለሱቅ ዘንድ ሄዶ ሁለት ኪሎ ለጋ ቅቤ በዱቤ አስመዘነ። «ማክሰኞ» አለው፣ ባለሱቁም «ማክሰኞ» አለና ጻፈው። እኔና ሰሚራ በር ላይ ቆመን አየን። እኔ የገዛሁት ሳሙናና ለሕፃኗ ትንሽ ኮፍያ ነው፤ የጎባን ብርድ አውቀዋለሁ።

ሰባት ሰዓት፣ ጎባ

ጎባ ስንደርስ የሰኔቲ ተራራ አናቱን በጉም ተከናንቦ ነበር። ነፋሱ ከላይ ከተራራው ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ነጠላዬን ለሰሚራ ደረብኩላት፣ እሷም «እማ፣ አልበረደኝም» እያለች ተከናነበችው። የኦቦ ከድር ልጅ ሰፈር ለመድረስ በባሕር ዛፍ መሃል የምታልፍ የኮረኮንች መንገድ ይዘን ወጣን። መንገድ ላይ አዲስ ቤት የሚሠሩ ሰዎች ስላየሁ ሚኒባሱን አስቁሜ ጠየቅሁ።

«መስፍን? እዚህ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሰኔቲን ተሻግሮ ደሎ መና ወርዷል ይላሉ።»

«ስልኩስ?»

«ተሰርቆበታል።»

ቱንቢውን መልሼ ጠቀለልኩት።

ኦቦ ከድር በር ላይ ሲያየን፣ በተለይ ጋሽ ተፈራን ሲያይ፣ አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ ሁለት እጁን ዘርግቶ «ኮታ፣ ኮታ! ግቡ!» አለ። ሃሊማን «እንኳን አላህ በሰላም ገላገለሽ» አልናት። ሕፃኗ ቀይ፣ ትንሽ፣ ቁጡ ነበረች። ጋሽ ተፈራ ጎንበስ ብሎ አያትና «ይህ ግንባርስ የከድር ነው፣ ምንም አያሳልፍም። ስሟን ጣሪያ በሏት!» አለ። አራሷ ሳትቀር ሳቀች።

ለልጇ ወሊድ ቀድማ የመጣችው የኦቦ ከድር ባለቤት አደ ፋጡማ ዱቄቱንና ቅቤውን ተቀብላ ማርቃ አገነፋች። ማርቃ የኛ የአራስ ቤት ገንፎ ነው፤ በትልቅ ገበታ ይቀርባል፣ መሃሉ ተጎድጉዶ ቅቤው ይፈስበታል፣ ሁሉም ከየፊቱ በማንኪያ እየቆረሰ ወደ መሃል ያጠቅሳል። ገበታው አንድ ብቻ ስለነበር የቀኝና የግራ መቀመጫ አልነበረም። ኦቦ ከድርና ጋሽ ተፈራ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ተቀመጡ።

ኦቦ ከድር ሁለት ሦስት ጊዜ ጎረሰና ዓይኑን ጨፈነ። «ይህን የመሰለ ቅቤ ማን አመጣ?»

ሁሉም ወደ ገበታው አቀረቀረ። ሰሚራ ግን «ጋሽ ተፈራ ናቸው። በዱቤ!» አለች። ቆነጠጥኳት፣ ግን አፏ ቀደመኝ።

የኦቦ ከድር ማንኪያ ቅቤው ላይ ቆመ።

«በዱቤ?»

«ማክሰኞ እከፍላለሁ» አለ ጋሽ ተፈራ፣ አንገቱን እየሰበረ።

«በምን ትከፍላለህ?»

«ሰኞ በግ እሸጣለሁ።»

«የትኛውን?»

«ነጩን። ቀንዱ የተሰበረውን።»

ኦቦ ከድር አሰበበት። በጉን የሚያውቀው ይመስለኛል። ከዚያ ማንኪያውን ቅቤው ውስጥ ነከረ። «እንግዲያ ብላ። መቼና በምን እንደሚከፈል ካወቅሁ ዱቤ አልጠላም። እኔ የምጠላው ‹አላህ ያውቃል› ተብሎ የሚፈረመውን ነው።»

ጋሽ ተፈራ ዞሮ ፊት ለፊት አየው። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። «ታዲያ የድልድዩ በግ የቱ ነው? አብረን እንፈልገው።»

ፈለጉት። ማርቃው እስኪያልቅ ፈለጉት። ጋሽ ተፈራ ራሱ ሲከራከርለት የኖረው የስብሰባ አዳራሽ አጥር አለ፣ ገንዘቡ በሚቀጥለው በጀት ተይዟል። ስሙ ሲነሳ ፊቱ ጠቆረ፣ «ፕላኑን እኮ እኔ ነኝ ያስነሳሁት» አለ። አንድ ጓደኛው «አጥሩን ማን ይሻገረዋል?» ሲለው እጁን ወረወረና «ውሰዱት፣ የድልድዩ ዱቤ በሱ ይከፈል» አለ። ኦቦ ከድርም በተራው ጣሪያው ለዚህ ድልድይ ብቻ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይታለፍ አለ፤ ነገር ግን ድልድዩ የመኪና ሳይሆን የሰውና የአህያ ይሁን። ድንጋይና አሸዋ መንደሩ በጉዛ ያቅርብ፤ ጉዛ ተሰባስበን የምንሠራው የወል ሥራ ነው። አምቡላንስ ማለፉ ሲቀር ጋሽ ተፈራ በጣም አዘነ። እኔም አዘንኩ። «አምቡላንሱ ከወዲያ ማዶ ይቆማል፣ ታማሚውን በቃሬዛ እናሻግራለን» አሉ ሃጂ።

ያን ጊዜ ሁለተኛ ተናገርኩ። «የአስተማሪዎቹ ደመወዝ አይነካም ተብሎ ይጻፍልኝ። ልጄ ድልድይ ተሻግራ ባዶ ክፍል ከገባች ምን ዋጋ አለው? የግንበኛውም ያልተከፈለ ሂሳብ ከሁሉ በፊት ይከፈል።»

«ይጻፋል» አለ ኦቦ ከድር።

«እዚህ ግን አይጻፍም» አሉ ሃጂ። «በአራስ ቤት ቃለ ጉባኤ ሲጻፍ ሰምቼ አላውቅም። ተነሱ፣ ሮቤ እንመለስ።»

መመለስ

ሮቤ ላይ ሰባቱም ፈረሙ። ሃጂ ሁለት ጊዜ ጮክ ብለው አነበቡት፣ ሰሚራ ደግሞ ለኔ በጆሮዬ ሦስተኛ አነበበችልኝ። በባለሱቁ ደጅ ስናልፍ ኦቦ ከድር መኪናውን አስቆመና የቅቤውን ሊከፍል ወረደ። ጋሽ ተፈራ እጁን ያዘው። «ማክሰኞ ብያለሁ፣ ማክሰኞ ነው። ዛሬ ከከፈልክልኝ ነገ ጣሪያውን መልሰህ ትጭንብኛለህ!» ባለሱቁ በሁለቱ መሃል ቆሞ ማንን እንደሚሰማ ጠፋው።

ስንመለስ በሚኒባሱ ውስጥ የተቀመጥነው እንደተገኘው ነው። የቀኙ በግራ፣ የግራው በቀኝ። ኦቦ ከድር የልጅ ልጁን ፎቶ በስልኩ ለሁላችን አሳየን፣ ከዚያ መልሶ አሳየን፣ ጎሮን ካለፍን በኋላም አሳየን። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፀሐይ ሳትጠልቅ መንደራችን ደረስን። ሰሚራ ወንዙ ዳር ወርዳ ሁለቱን ምሰሶዎች አየቻቸው፣ እኔ እጇን ይዣለሁ።

ጋሽ ተፈራ ማክሰኞ ከፍሏል። ነጩ በግ ሲሄድ በደጃችን አልፏል።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህ ነው። ከዚያ በፊት እምቢ የሚል ሰው ሁሉ ጠላቴ ይመስለኝ ነበር። ኦቦ ከድር እምቢ ሲል የልጄን አስተማሪ እየጠበቀ እንደነበር አላወቅሁም። ጋሽ ተፈራም ይሁን ሲል ገንዘብ መበተን ወዶ አይደለም፣ የልጄን እግር አስቦ ነው። ሁለቱም የወደዱትን ነገር አጥተው ነው የተመለሱት፣ ግን እየሳቁ ተመለሱ።

አሁን ሲሚንቶውና ብረቱ መጥቶ በቀበሌው መጋዘን ተቀምጧል። አሸዋውን በሁለት ቀን ጉዛ አወጣነው፣ ድንጋዩም ተከምሯል። የመስፍን የሁለት ወር ሂሳብ ወጥቶ በሃጂ ቃሲም እጅ አለ። ሌላ ግንበኛ አይጠፋም ይሉኛል፤ የምሰሶዎቹ ብረት እንዴት እንደታሰረ የሚያውቀው ግን እሱ ነው። ዛሬ ጠዋት ደመናው ሰባት ነበር።

ደሎ መና ወይም ሌላ ቦታ ያላችሁ፣ ረጅም፣ ሲሠራ የሚያፏጭ፣ መስፍን የሚባል ግንበኛ ካያችሁ ወሬውን ላኩልኝ። ገንዘቡ እንደተገኘ ንገሩልኝ። ቱንቢውና ውሃልኩ እኔ ዘንድ ናቸው፣ አልዛጉም፣ ቅቤ እየቀባሁ አስቀምጫቸዋለሁ።