የማን አክታ ነው?

አክታ ተጸይፌ አላውቅም። ሰው ይስቅብኛል እንጂ፣ ጠዋት ጠዋት የብልቃጥ ክዳን ስከፍት የሚታየኝ በሽታው ሳይሆን ባለቤቱ ነበር። ይህ የሶፊዋ ሴት ነው፣ ይህ የሐኪም ጋራ ሰፈሩ መምህር ነው እያልኩ ነበር የምሠራው። በሐረር ላቦራቶሪ ውስጥ ከእኔ በላይ ሕሙማኑን የሚያውቅ የለም ብዬም እኮራ ነበር። በኋላ የሆነው ነገር ያዋረደኝ ለዚህ ነው።

በዚያ ዓመት መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ይዟቸው፣ የምንሰጣቸው መድኃኒት አልሠራ ያላቸው አምስት ሕሙማን ነበሩን። አራቱ ወንዶች፣ አንዷ ሴት። ሴቲቱ ከከተማው ወጣ ካለው ከሶፊ ነበር የምትመጣው። ባሏ ጫት ያለማል፣ እሷ ሠላሳ አልሞላትም። በየቀኑ በሚኒባስ መጥታ ፊታችን ኪኒኗን ትውጣለች፣ መርፌዋን ትወጋለች፣ ተመልሳ ትሄዳለች። ትንሿን ልጇን ለእናቷ ሰጥታ ለብቻዋ ነው የምትተኛው። መርፌው ጆሮ እንደሚጎዳ እናውቃለን፤ ነፍስ ትትረፍ እንጂ እያልን እንሰጣለን። የሷ ግን ጆሮዋ እየሄደ ሳንባዋም አልዳነም። ቀረብ ብለሽ ንገሪኝ ማለት ከጀመረች ወዲህ፣ ያ መርፌ ለሷ ይሥራ አይሥራ ሳላውቅ ስትወጋ ማየት አቃተኝ።

በመሃል ባሕር ማዶ ያለ አንድ ላቦራቶሪ ከእኛ ጋር ለመሥራት ተስማማ። የባክቴሪያውን ዘረመል ከዳር እስከ ዳር ያነቡታል፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለውና የትኛው እንደማይነካው ይነግሩናል። በየአገሩ ከተገኘው ጋር እያስተያዩም በሽታው ከየት ወዴት እንደሚሄድ ይከታተላሉ። ከውጤቱ ጋር ለአንድ ሰው የሚበቃ አዲስ መድኃኒት እንደሚልኩ ቃል ገቡ፤ ሌላው በሚቀጥለው ዙር ነው።

አክታ ከአገር ለማስወጣት ፈቃድ ያስፈልጋል። የስምምነቱ ወረቀት ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ከረመ። እኔም በስብሰባው ዝም አላልኩም። አክታ ውስጥ የባክቴሪያው ብቻ ሳይሆን የሰውየውም ዘረመል አለ። የእኛ ሰው ዘር ሰው አገር ኮምፒዩተር ውስጥ አይቀመጥም ብዬ ጠረጴዛ መታሁ። እነሱም ሳያንገራግሩ ተቀበሉ። የሰው የሆነው ሁሉ በመጀመሪያው ቀን፣ ሳይነበብ እንዲሰረዝ የሚል አንቀጽ ገባ። ያን ቀን ደረቴን ነፍቼ ነበር ቤቴ የገባሁት።

ፈቃዱ የደረሰን ሰዓቱ ካለቀ በኋላ ነው ማለት ይቻላል። አውሮፕላኑ በዚያው ቀን ከድሬዳዋ ይነሣል፣ የመሥሪያ ቤቱ መኪና ጋራዥ ገብቷል፣ ውሃ የማይነካው ልጥፍ ደግሞ አልቆብናል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ መልቀሙንም አልታደልኩም። የየሕመምተኛውን ቁጥር በነጭ ፕላስተር ላይ ጽፌ በየብልቃጡ ለጠፍኩ። ብልቃጦቹን በበረዶ ሳጥን አሸግሁና ለጎረቤቴ ሰጠሁት። ጎረቤቴ የጫት መኪና ሹፌር ነው። የጫት መኪና ለማንም አይቆምም፣ ድሬዳዋ ለመድረስ እሱን የሚቀድም የለም። አደራ ያልኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንዳይሞቅ።

አደራዬን አልበላም። አውሮፕላኑ ዘገየ፣ በረዶው ቀለጠ፣ የድሬዳዋን ሙቀት ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሳጥኑ ሲሞቅበት ማሸጊያውን ፈትቶ ሙያው ያስተማረውን አደረገ።

«አቦ፣ እንደ ራሴ ጫት ነው የያዝኩልሽ» አለኝ በኋላ ስጠይቀው። «ውሃ አርከፈከፍኩበት፣ እርጥብ ጆንያ አለበስኩት። ተበላሸ እንዴ?»

በምን አፌ ልቆጣው? ውሃ አታስነካ አላልኩትም። ፕላስተሩን የለጠፍኩት እኔ ነኝ።

ከሳምንታት በኋላ ከባሕር ማዶ ፎቶግራፍ ላኩልኝ። የአምስቱም ብልቃጦች ክዳን ደህና ነው፣ ጠብታ አልፈሰሰም። አምስቱ ፕላስተሮች ግን ተላቅቀው ከሳጥኑ ሥር ተኝተዋል። ቁጥሮቹ አንድም ሳይጠፋ ይነበባሉ። የትኛው ከየትኛው ብልቃጥ እንደተላቀቀ የሚያውቅ ግን በዓለም ላይ የለም።

ውጤቱ እንዲያውም ያማረ ነበር። ከአምስቱ አራቱን ባክቴሪያዎች የምንሰጠው መድኃኒት ይገድላቸዋል፤ ሕሙማኑ ጊዜ ብቻ ነው የሚያስፈልጋቸው። አንዱን ግን ኪኒኑም መርፌውም አይነካውም፤ አዲሱ መድኃኒት ብቻ ነው የሚገድለው። የዚህኛው ዘመዶች በየትኞቹ አገሮች እንደታዩ ሁሉ ጽፈውልኛል። ባሕር ተሻግሮ ያለ ዘመዱን አውቀውለት፣ እዚህ ሐረር የማን ደረት ውስጥ እንዳለ አላወቁም።

ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ከሰዓት በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ሴቷ አንዷ ብቻ ናት። የሰው ዘረመል ደግሞ ሴትና ወንድ ይለያል። ወዲያው ጻፍኩላቸው። ስም አልጠይቅም፣ ሌላ ምንም አልጠይቅም፣ ያ ብልቃጥ የሴት ይሁን የወንድ ብቻ ንገሩኝ አልኩ። መልሱ ፈጥኖ መጣ። በጣም አዝነዋል። የሰው የሆነው ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ሳይነበብ ተሰርዟል፣ የተረፈውም አክታ በውላችን መሠረት ተቃጥሏል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር አልኩ ለራሴ፣ ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁና አለቀስኩ። አንቀጹ ግን ትክክል ነበር። ዛሬም ትክክል ነው እላለሁ፣ የሚያበግነኝም እሱ ነው።

ከአምስቱም እንደገና አክታ ተቀብዬ አዲስ ፈቃድ ጠየቅሁ። ፈቃዱ ወራት ይፈጃል። የአንድ ሰው መድኃኒቱ ግን መጥቶ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። አንድ ቀን ሐኪሙ ጠራኝና፣ መድኃኒት እያየሁ ሰው ሲሞትብኝ አልቀመጥም አለ። ከሁሉም የባሰባቸው የሐኪም ጋራው ጡረተኛ መምህር ናቸው፤ ደም መትፋት ጀምረዋል። ለእሳቸው ልስጥ ብሎ አሰበ።

«አንቺ ምን ትያለሽ?» አለኝ።

ልቤ የሶፊዋ ናት ይል ነበር። ማስረጃ ግን አልነበረኝም፤ ደግሞም ከዚያ ስህተት በኋላ በልቤ ለመናገር አፈርኩ።

«አንተ ያልከው ይሁን» አልኩት።

መምህሩ ተሻላቸው። ደሙ ቆመ፣ ፊታቸው ሞላ፣ በባጃጅ መጥተው መርቀውኝ ሄዱ። ሁለተኛው ውጤት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የመምህሩ ባክቴሪያ በአሮጌውም መድኃኒት የሚሞት ነበር። አሮጌው የማይነካው የሶፊዋ ነው። የሚቀጥለው ዙር መድኃኒት መቼ እንደሚመጣ ጠየቅን፣ የቆረጠ መልስ የሚሰጠን አጣን። መርፌዋን በዚያው ቀን አስቆምን። እሷ ግን ከዚያ በፊትም መምጣቱ አቅቷት መርፌውን ቤቷ ድረስ እየወሰዱ ነበር የሚወጓት።

ሶፊ ብቻዬን ሄድኩ። ሌላ ሰው እንዲነግራት አልፈለግሁም። ደጃፏ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ነበር። ልጅቱ ከአያቷ ጋር ማዶ ቆማ ታያታለች፣ አትቀርብም። አጠገቧ ቁጭ ብዬ እየደጋገምኩ ሁሉንም ነገርኳት፤ ፕላስተሩን፣ ሹፌሩን፣ አንቀጹን፣ ስጠየቅ የልቤን አለመናገሬን። መድኃኒቱ ለሷ ይገባ እንደነበር፣ ለሌላ ሰው እንደተሰጠም ነገርኳት። አንድ ነገር ብቻ አስቀረሁ፤ ሰውየው ያለዚያም ይድኑ እንደነበር።

ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፣ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን ሰውየው ልጆች አሉት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ።

«መድኃኒቱ አዳነው?» አለችኝ።

አዎ አልኩ። አልሰማችም። መዳፏን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ወደ እኔ አዘነበለች። አፌን ወደ ጆሮዋ አስጠግቼ፣ ማዶ ያሉት ሁሉ እስኪሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ አዎ፣ አዳናቸው አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ» አለች። «እንኳንም አልባከነ።»